ስለ ወተትና ስለ ዐዋቂ ሰው ሆድ አጭር ታሪክ

ወተት ለሕፃን መልካም ምግብ መሆኑን የሚጠራጠር ሰው የለም። ለዐዋቂ ሰውስ እንደዚሁ መልካም ነውን? ተብሎ ቢጠየቅ፤ በሰፈራችን ያለ ሰው ሁሉ ሳያመነታ «እንዴታ!» ብሎ እንደሚመልስ አውቃለሁ። እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ እንደዚሁ እመልስ ነበር። አሳቤን የለወጠው የአጎቴ ሆድ ነው። ስለ ሆድ ነገር በትምህርት ቤት የበዓል መጽሔት ላይ መጻፍ ነውር የሚመስላቸው አንባብያን ቢኖሩ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ነገር ግን ጉዳዩ ታሪክ ያለው፤ ታሪኩም አገራችንን በብዙ የሚነካ ሆኖ ስላገኘሁት ዝም ለማለት አልቻልሁም።

አጎቴ በአዲስ ከተማ፤ በመርካቶ ውስጥ፤ የብረት በርና መስኮት በሚበየድበትና ቀለም በሚነፋበት ቤት ሠራተኛ ናቸው። የብረት ብናኝና የቀለም ሽታ የሚበዛበት ሥራ ስለ ሆነ የቤቱ ባለቤት ለሠራተኞቹ በየቀኑ ግማሽ ግማሽ ሊትር ወተት ይሰጣል። ይህ ልማድ በእኛ አካባቢ የታወቀ ነው፤ ወተት መርዝ ያወጣል፤ ደረትንም ያጥባል ይባላል። አጎቴም የተሰጣቸውን ወተት ረፋድ ላይ በባዶ ሆዳቸው ይጠጣሉ፤ ቀትር ሳይሆን ሆዳቸው ይነፋል፤ ይጮኻል፤ ከዚያም ሥራቸውን ጥለው ይሮጣሉ። ይህ ሁለት ዓመት ቆየ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄደው ሦስት ጊዜ የአሜባ መድኃኒት ተሰጣቸው። እናቴ እንዳለችው ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር። ከዚህ የከፋው ደግሞ በሥራ ቦታቸው «ሰበበኛ» የሚል ስም መውጣቱ ነው። ባልደረቦቻቸው ሳቁባቸው፤ ደመወዛቸውም በቀሩበት ሰዓት ልክ ይቆረጥ ጀመር። እርሳቸው ግን ለመዳን ብለው ወተቱን ከበፊቱ አብዝተው ይጠጡ ነበር፤ ለተረበሸ ሆድ ወተት ይሻላል ብለው የመከሯቸው ሰዎች ነበሩና!

ነገሩን በመጀመሪያ የገለጡልን የባዮሎጂ መምህራችን ናቸው። ስለ ምግብ መፈጨት ሲያስተምሩ በመካከል ቆም ብለው፤ «ከእናንተ መካከል ወተት ጠጥቶ ሆዱ የሚነፋ ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ክፍሉ ሳቀ፤ እጁን ያወጣ ግን አልነበረም። እርሳቸውም፤ «እንግዲህ ወይ ሁላችሁም የአርብቶ ዐደር ልጆች ናችሁ፤ ወይ ታፍራላችሁ» አሉን። እኔ በዚያች ደቂቃ አጎቴን አሰብሁ።

የመምህራችን ትምህርት በአጭሩ የሚከተለው ነው። በወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። በአንድ ሊትር የላም ወተት ውስጥ ያለው ወደ 50 ግራም የሚጠጋ ነው። ይህ ስኳር እንዳለ ወደ ደም አይገባም፤ አስቀድሞ ግሉኮስና ጋላክቶስ ወደሚባሉ ሁለት ታናናሽ ስኳሮች መከፈል አለበት። የሚከፍለውም በቀጭኑ አንጀት ግድግዳ ላይ የሚገኝ ላክቴዝ የተባለ ኤንዛይም ነው። ሕፃን ሲወለድ ላክቴዝ በበቂ አለው፤ ያለዚያ የእናቱን ጡት ጠብቶ ሊያድግ አይችልም ነበር። ጡት ከተወ በኋላ ግን በብዙ ሰዎች ዘንድ ይህ ኤንዛይም ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ ይሄዳል። ጥጃም፤ ግልገልም፤ ቡችላም እንደዚሁ ናቸው። ላክቴዝ ያነሰው ዐዋቂ ወተት ሲጠጣ ስኳሩ ሳይከፈል ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። በዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ያገኙታል፤ ያብላሉታል፤ ከመብላላቱም ሃይድሮጅንና ሌላ ጋዝ ይወጣል። ያልተከፈለው ስኳር ውሃም ወደ አንጀት ይስባል። የሆድ መነፋት፤ ቁርጠትና ተቅማጥ የሚመጣው ከዚህ ነው። ወተቱን ማፍላት ጀርሞችን ይገድላል፤ ስለዚህም ሳያፈሉ መጠጣት አይገባም፤ ስኳሩን ግን ማፍላት አይነካውም። አጎቴ ወተታቸውን ሁልጊዜ አፍልተው ይጠጡ ስለ ነበር ይህን ስነግራቸው በጣም ተገረሙ።

ይህ ነገር የሕፃናት ወተት አለርጂ ከሚባለው ጋር እንዳይምታታ። ያኛው በወተቱ ፕሮቲን ምክንያት የሰውነት መከላከያ የሚያስነሣው ሁከት ነው፤ ይህኛው የስኳር ነገር ብቻ ነው። ወላጆችም ይህን ጽሑፍ አንብበው የእናት ጡት ወተት ላክቶስ አለበት በማለት ሕፃን እንዳያስጥሉ እለምናለሁ፤ በእርግጥ የእናት ወተት ከላም ወተት ይልቅ ላክቶስ ይበዛበታል፤ ሕፃኑ ግን ለእርሱ የተዘጋጀ ሆድ አለው።

አሁን ወደ ታሪኩ ልመለስ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ለብዙ ዘመን የአውሮፓና የአሜሪካ ሐኪሞች ዐዋቂ ሰው ሁሉ ወተት መጠጣት ይችላል፤ የማይችለው ሕመምተኛ ነው ብለው ያስቡ ነበር። እንዲህ ማሰባቸው አያስደንቅም፤ ራሳቸውን አይተው ነው የፈረዱት። በ1963 ዓ.ም. ጤነኛ በሚመስሉ ዐዋቂዎች አንጀት ውስጥ ላክቴዝ አንሶ እንደሚገኝ ተጻፈ። ከሦስት ዓመት በኋላ፤ በ1966፤ ባይለስና ሮዘንስዋይግ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ጤነኞች የሆኑ ጥቁሮችንና ነጮችን መረመሩ። ከጥቁሮቹ አብዛኞቹ ላክቴዝ ሲያንሳቸው ከነጮቹ ግን ያነሳቸው ጥቂቶች ሆነው ተገኙ። በዚያው ዓመት ኩክና ካጁቢ የተባሉት በዩጋንዳ የተለያዩ ሕዝቦችን መርምረው፤ ሙዝ ተክለው የሚኖሩት ባጋንዳዎች አብዛኞቹ ላክቴዝ የሚያንሳቸው፤ ከብት አርቢዎቹ ሂማና ቱትሲ ግን አብዛኞቹ ያላቸው መሆኑን ጻፉ። እንግዲህ ነገሩ የቆዳ ቀለም ነገር እንዳይደለ ካምፓላ ለባልቲሞር መልስ ሰጠች ማለት ነው። ሁለቱም አፍሪካውያን፤ ሁለቱም ጎረቤታሞች ሆነው ሳለ፤ የአንዱ አያቶች ከላም ጋር፤ የሌላው አያቶች ከሙዝ ጋር ኖረዋልና።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ የቀረበ ነው። ፍሬደሪክ ሲሙንስ የሚባል አሜሪካዊ የጂኦግራፊ ሊቅ በ1950ዎቹ ዓመታት ወደ አገራችን መጥቶ በበጌምድርና በሰሜን እየተዘዋወረ የሕዝቡን እርሻ፤ ከብትና ምግብ አጠና፤ ስለ ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦችና ኑሮ የጻፈው መጽሐፍም በ1960 ታተመ። ይህ ሰው ሐኪም አልነበረም። የሚያሳስበው የነበረው ሰው ምን እንደሚበላና ምን እንደማይበላ፤ ለምንስ እንደማይበላ ነበር። ሐኪሞቹ የላክቴዝን ነገር ባወጡ ጊዜ እርሱ በእጁ የነበረውን የማለብ ልማድ ካርታ ከእነርሱ ውጤት ጋር አስተያየ። ከ1969 ጀምሮ ባወጣቸው ጽሑፎችም እንዲህ ሲል ተከራከረ፤ በመጀመሪያ የሰው ልጅ ሁሉ እንደ ሌላው እንስሳ ጡት ከጣለ በኋላ ላክቴዝ ያጣ ነበር፤ ከብት ማለብ ከተጀመረ በኋላ ግን፤ ሌላ ምግብ በማይበዛበት አገር ያልረጋ ወተት ጠጥቶ ሊጠቀምበት የሚችል ሰው ልጆችን በማሳደግ ከሌላው በለጠ፤ በብዙ ትውልድም ይህ ችሎታ በወተት ጠጪዎች መካከል በዛ። በአጭሩ፤ ልማድ ሥጋን ለወጠ ማለት ነው። እኔ ይህን ሳነብ ደነገጥሁ። ታሪክ ስንማር የሰው ልጅ ዓለምን እንደ ለወጠ እንጂ ያለበው ላም የገዛ ሆዱን መልሶ እንደ ለወጠው አልተነገረንም ነበር።

የሲሙንስ አሳብ ማስረጃ ያገኘው ዘግይቶ ነው። በ2002 የፊንላንድ ተመራማሪዎች ከላክቴዝ ጂን መነሻ 13,910 ፊደል ያህል ርቃ በምትገኝ ቦታ፤ በጎረቤት ጂን ውስጥ፤ የአንዲት ፊደል መለወጥ ላክቴዝ እስከ እርጅና እንዲቆይ ከሚያደርገው ነገር ጋር የተያያዘ መሆኑን አገኙ። በአውሮፓ ይህች አንዲት ፊደል ነገሩን ሁሉ የፈታች መሰለች። በአፍሪካ ግን ወተት ጠጪዎቹ ይህችን ፊደል አልያዙም ማለት ይቻላል። በ2007 ሣራ ቲሽኮፍ የተባለችው ሊቅና ባልደረቦቿ በታንዛንያ፤ በኬንያና በሱዳን ሕዝቦችን መርምረው እዚያው አካባቢ ሌሎች ሦስት የፊደል ለውጦች አገኙ። ስለዚህ የአፍሪካ ከብት አርቢዎች ወተት የመጠጣትን ችሎታ ከአውሮፓ አልተዋሱም፤ በራሳቸው መንገድ ደረሱበት።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል፤ ደግሞም ይጣፍጣል። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ከ350 በላይ ኢትዮጵያውያንን ላክቶስ አጠጥቶ ከመረመረ በኋላ ሌላ አዲስ ለውጥ ጨመረ። የሥራው ተካፋዮች የለንደኗ ዳላስ ስዋሎውና የእኛው አገር ሊቅ እንዳሻው በቀለ ነበሩ። በአውሮፓ አንድ ለውጥ ብቻውን ተስፋፍቶ ሲገኝ፤ በኢትዮጵያ ብዙ ለውጦች ጎን ለጎን፤ በልዩ ልዩ ብሔረሰቦች ውስጥ ተሰራጭተው ይኖራሉ። ጥናቱ ላክቶስ የሚፈጩት ሰዎች በዚያች የጂን ክፍል ከማይፈጩት ይልቅ ልዩነት እንደሚበዛባቸውም አሳየ። በአውሮፓ አንድ ሰፊ ጎዳና ሲኖር በእኛ አገር ግን ልክ እንደ መርካቶ ወደ አንድ አደባባይ የሚያደርሱ ብዙ ጠባብ መንገዶች አሉ።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ግን በ2009 የወጣው ጥናት ነው። በአገራችን የሚኖሩ ወተት ጠጪ የሆኑ 107 ሶማሌ ግመል አርቢዎች ተመርምረው ላክቴዝ ያላቸው ሆነው የተገኙት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ወተት ከሌለ ኑሮ የሌላቸው ሰዎች ናቸው! ታዲያ እንዴት ይኖራሉ? አንደኛ፤ ላክቶስን አለመፍጨትና በላክቶስ መታመም አንድ አይደሉም። ብዙ ሰው ላክቴዝ ሳይኖረው ሕመም አይሰማውም ወይም ጥቂት ብቻ ይሰማዋል። ሁለተኛ፤ ወተት ዘወትር በሚጠጣ ሰው አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከስኳሩ ጋር ይላመዳሉ ብለው ሊቃውንት ያስባሉ። ሦስተኛው ደግሞ ወተቱን ማርጋት ነው፤ ስለዚህ ሦስተኛው ነገር ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፤ ምክንያቱም የአያቴ ነገር ነው።

አያቴ የሚኖሩት በጉራጌ አገር ነው። በእርሳቸው ቤት ለዐዋቂ ሰው ያልረጋ ወተት ማቅረብ የተለመደ አይደለም። የታለበው ወተት በወይራ ጭስ በታጠነ ዕቃ ይጠራቀማል፤ አንድ ሁለት ቀን ሲቆይ ራሱ ይረጋል። እርጎ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ባክቴሪያዎች ከላክቶሱ ከፊሉን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል፤ እርጎ የሚኮመጥጠው ስለዚህ ነው። ከዚህም ሌላ በእርጎው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ከጠጪው ጋር ወደ አንጀት ወርደው የቀረውን ስኳር ለመክፈል ይረዳሉ። እርጎው ሲናጥ ቅቤው ይወጣል፤ አሬራ ይቀራል። አሬራው በለዘብተኛ እሳት ሲሞቅ አይቡ ይጨብጣል፤ አጓቱ ይለያል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላክቶሱ የሚሄደው ወዴት ነው? ከፊሉ አሲድ ሆኗል፤ ከቀረው ብዙው ከአጓቱ ጋር ይፈስሳል። አጓቱንም ጥጃና ልጆች ይጠጡታል፤ እነርሱ ደግሞ ላክቴዝ ያላቸው ናቸው! በቅቤ ውስጥ የሚቀረው ላክቶስ እጅግ ጥቂት ነው፤ በንጥር ቅቤ ውስጥማ ከናካቴው የለም ማለት ይቻላል። አያቴ ስለ ላክቴዝ የሰሙት ነገር የለም፤ ይሁን እንጂ በሊቃውንቱ ቤት ግማሽ ምዕተ ዓመት የፈጀው ጉዳይ በእርሳቸው ጓዳ ውስጥ ከብዙ ዘመን በፊት መልስ አግኝቷል።

የጾም ነገርም በዚህ ይገባል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋና ከወተት ይጾማል፤ ካህናቱና ጠንካሮቹ እስከ 250 ቀን ይደርሳሉ። ላሟ ግን አትጾምም፤ በዐቢይ ጾምም ትታለባለች። ያን ሁሉ ወተት ምን ያደርጉታል? ቅቤ ያደርጉታል፤ ቅቤ ይቆያል፤ ለፋሲካም ይደርሳል። ስለዚህ ብዙ የደጋ ሰው ከወተት የሚያገኘውን የሚያገኘው በቅቤ፤ በአይብና በእርጎ መልክ ነው። በመርካቶ ቅቤ ሻጮቹ ዘንድ የሄደ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል፤ ለጋው፤ መካከለኛው፤ በሰሉ ተለይቶ ተቀምጧል፤ የሸኖ ለጋ ነው እያሉ ይጣራሉ (ሁሉ የሸኖ ነው ወይ የሚለውን ለገዢ ትቻለሁ)፤ ከየአገሩ የመጣው የወተት ሀብት እዚያ በቅቤ ሆኖ ይሸጣል። ያልረጋ ወተት ከሩቅ አገር አይመጣም ነበር፤ ከመንገድ ላይ ይበላሻልና።

በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የተማርሁት የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክም እዚህ ላይ ትዝ ይለኛል። በመጽሐፈ መሳፍንት ውስጥ ያለችው ኢያዔል ውሃ ለለመናት ሰው ወተት ከአቁማዳ ከፍታ ትሰጠዋለች። በሙቅ አገር በአቁማዳ የቆየ ወተት ያልረጋ ሆኖ እንደማይገኝ ማንም የገጠር ሰው ያውቃል። አብርሃምም ለእንግዶቹ ወተት ብቻ አላቀረበም፤ ቅቤም ጨምሯል።

ማለብ ስንት ዘመን ሆነው? በትንሿ እስያ ሰሜን ምዕራብ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሰባተኛው ሺህ ዓመት ከተሠሩ ሸክላዎች ላይ የወተት ስብ ርዝራዥ ተገኝቷል፤ በሊቢያ ሰሃራም በአምስተኛው ሺህ ዓመት እንደዚሁ። በአገራችንም ከዲላ አጠገብ ጨቤ በሚባል ስፍራ በድንጋይ ላይ የተቀረጹ ላሞች አሉ፤ ቀራጩ የላሞቹን ጡት አጉልቶ አሳይቷል። ላሙን ለሥጋው ብቻ የሚፈልግ ሰው ጡቱን እንዲህ አያጎላም። በ2022 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ደግሞ የአውሮፓ ሰዎች ላክቴዝ ሳይኖራቸው ብዙ ሺህ ዓመት ወተት ይጠቀሙ እንደ ነበረ አሳየ፤ ችሎታውን በፍጥነት ያበዛው ረሃብና በሽታ ነው ይላሉ ጸሐፊዎቹ። በጥጋብ ቀን ላክቴዝ የሌለው ሰው ወተት ቢጠጣ ሆዱ ይነፋል፤ ያልፋል። በረሃብ ቀን ግን ለደከመ ሰው ተቅማጥ ሞት ነው። እኛ ከ1984 እስከ 1985 የነበረውን ረሃብ ከወላጆቻችን አፍ የሰማን ልጆች ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም። በዚያ ረሃብ ጊዜ ከውጭ ከመጣው እርዳታ መካከል ስቡ የወጣለት የዱቄት ወተት አንዱ ነበር፤ የዚህ ዱቄት ግማሽ ያህሉ ክብደት ላክቶስ ነው። በረሃብ የተጎዳ አንጀት ደግሞ ሕፃን ልጅ እንኳ ቢሆን ላክቴዙን ለጊዜው ያጣል። ዱቄት ወተቱ ብዙ ነፍስ አድኗል፤ እክዳለሁ ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን የሰጪው ሆድ የተቀባዩ ሆድ አይደለም።

ታዲያ በመርካቶ ያልረጋ ወተት በግማሽ ሊትር እየተለካ ለብረት ሠራተኛ መሰጠት ከየት መጣ? መርካቶ ራሱ የቆየ አይደለም። የከተማው ትልቅ ገበያ ቀድሞ በአራዳ በጊዮርጊስ አጠገብ ነበር፤ ጣሊያኖች ከ1936 እስከ 1941 አገሪቱን በያዙ ጊዜ ነጩንና ጥቁሩን ለመለየት ብለው ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛወሩ፤ መርካቶ የሚለው ስምም የእነርሱ ቋንቋ ነው። ከነጻነት በኋላ በ1947 የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ድርጅት 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ የወተት ከብቶች ለኢትዮጵያ ሰጠ። በ1960 በቃሊቲ በዩኒሴፍ እርዳታ የመጀመሪያው የሙከራ ወተት ማዘጋጃ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ የሾላ ወተት በከተማው የታወቀ ሆነ። እንግዲህ በየጧቱ ያልረጋ ወተት በብዛት ወደ ሠራተኛው እጅ መድረሱ በከተማችን የሰባ ሰማንያ ዓመት ታሪክ ነው። ፋብሪካው ጥፋት አላደረገም፤ ንጹሕ ወተት ለልጆች ማድረሱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከገጠር የመጣው ሰው ወተቱን በከተማ ሲያገኝ የአያቱን ቅል አላገኘም።

ደረት ያጥባል ስለሚባለውም መምህራችንን ጠይቄአቸው ነበር። የተዋጠ ነገር ወደ ጨጓራ እንጂ ወደ ሳንባ አይሄድም፤ በትንፋሽ የገባውን የብረት ብናኝና የቀለም ጢስ ወተት ሊደርስበት አይችልም አሉኝ። የሚጠቅመው አፍና አፍንጫን በሚገባ መሸፈኛና ነፋስ የሚገባበት ቤት ነው። በአጎቴ የሥራ ቤት መስኮቱ አንድ ነው፤ እርሱም በተሠሩ በሮች ተሸፍኗል።

አጎቴን ለማሳመን ጊዜ ወሰደብኝ። «ወተት ይጎዳል የምትለኝ አንተ ማን ነህ? በወተት አይደለም ወይ ያደግነው?» አሉኝ። እኔም «ጋሼ፤ ያደጋችሁትማ በእርጎ ነው» አልኋቸው። አስቀድመው በሌላ ጤና ጣቢያ ሰገራቸውን አስመረመሩ፤ ተቅማጥ ሁሉ ከወተት አይመጣምና ይህን ሳያደርጉ መጀመር አይገባም፤ ምንም ትል ወይም አሜባ አልተገኘባቸውም። በትልልቅ ሆስፒታሎች በባዶ ሆድ ላክቶስ አጠጥቶ የትንፋሽን ሃይድሮጅን የሚለካ ምርመራ አለ፤ እኛ ግን በቤት ውስጥ በሚቻለው ሞከርን። ሁለት ሳምንት ወተት ተዉ። በአራተኛው ቀን የሆዳቸው ጩኸት ቆመ። ከዚያ እርጎ ጀመሩ፤ አልረበሻቸውም። በመጨረሻ ከምግብ ጋር ግማሽ ብርጭቆ ወተት ጠጡ፤ ይህም አልረበሻቸውም። ላክቴዝ የሚያንሳቸው ብዙ ሰዎች እስከ 12 ግራም ላክቶስ፤ ማለት አንድ ብርጭቆ ወተት ያህል፤ በአንድ ጊዜ ሊችሉ እንደሚችሉ ሐኪሞች ይናገራሉ። አጎቴ በየቀኑ በባዶ ሆዳቸው ይጠጡ የነበረው ግማሽ ሊትር ወደ 24 ግራም የሚጠጋ ላክቶስ ነበረበት።

ከዓለም ዐዋቂዎች ሁለት ሦስተኛው ያህል ላክቶስን ለመፍጨት የማይችሉ ናቸው። ይህን ቁጥር ለአጎቴ በነገርኋቸው ጊዜ ብዙ ዝም አሉ፤ ከዚያም፤ «እንግዲህ እዚያ ቤት የምንሠራ ዐሥር ነን» አሉ።

በማግሥቱ ሄደው ለባልደረቦቻቸው ተናገሩ። ያን ቀን ማንም አላመነም፤ ሳቁ። በሳምንቱ ግን ቀለም የሚነፋው ልጅ ብቻቸውን ባገኛቸው ጊዜ እርሱም ወተቱን ከጓሮ በስተኋላ ሲደፋው እንደ ኖረ ነገራቸው፤ ሰበበኛ እንዳይባል ፈርቶ ነው። ሌላ አንድ ሽማግሌ በያጅም እንደዚሁ ሆኖ ተገኘ። ባለቤቱ ወተቱን በገንዘብ ለመለወጥ እሺ አላለም፤ የተቆረጠውንም ደመወዝ አልመለሰም፤ ሆኖም ወተቱን ይዘው ወደ ቤት እንዲሄዱ ፈቅዷል። አሁን የሦስቱ ወተት በየማታው ወደ እኛ ቤት ይመጣል። እናቴ አፍልታ ታቀዘቅዘዋለች፤ ከእርሾው ጥቂት ትጨምርበታለች፤ አያቴ ለመስቀል ካመጡልን ቅል ውስጥ በወይራ አጥና ታስቀምጠዋለች። ቅዳሜ ጧት አጎቴ እርጎውን በጀሪካን ተሸክመው ወደ ሥራ ይሄዳሉ፤ ባለፈው ቅዳሜ አንድ አራተኛ ብርጭቆ ይዘው እንዲሄዱ ለእናቴ ነግረዋታል።